ለመዝናናት ነው ተብሎ

እኛ አገር ለመዝናናት የሚባል ውድድር የለም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲራመዱ ያየ ሦስተኛ ሰው ማን እንደሚቀድም ይገምታል፤ አራተኛው ይወራረዳል፤ አምስተኛው፣ የተቀደመው ዘመዱ ከሆነ፣ «መንገዱ ወደዚያኛው ያዘነበለ ነው» ብሎ ይከራከራል። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ከደባርቅ ደውሎ «ቅዳሜና እሑድን እኛ ዘንድ ኑ፤ ከዳባት ደባርቅ በሳይክል እንሽቀዳደማለን፤ ለመዝናናት ነው፤ አሸናፊም ተሸናፊም የለበትም» ሲለኝ፣ ቃሉን እንደ ወረደ ለአክስቴ ነገርኋት። አክስቴ ጎንደር ተወልዳ ጎንደር የሸበተች ሴት ናት። ቡናዋን ከመቁላት ቀና ሳትል፣ «አሸናፊ ከሌለው ምን ያስሮጣችኋል? ማን አባረራችሁ?» አለችኝ።

መልስ አላገኘሁላትም። ሄድሁ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የጎንደርና የደባርቅ መንገድ ያለ ሐሳብ በሚኬድበት ጊዜ ነው። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ገደብዬን፣ ዳባትንና ወቅንን እያሳየ ያደርሳል። ከጎንደር የተነሣን ጓደኛሞች ብስክሌቶቻችንን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ለማሳሰር ከረዳቱ ጋር ዋጋ መነጋገር ነበረብን።

«አንዷ ስንት ትከፍላለች?»

«የሰው ግማሽ።»

«እንዴት የሰው ግማሽ? ወንበር አትይዝ፣ መስኮት ይዘጋልኝ አትል፣ ዳባት ላይ ሽንቴ መጣ ብላ አታስቆምህ።»

«ለዚህስ አይደል ግማሽ ያልሁህ?»

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ሊያግዙን ፈልገው «እኔ ባለፈው በግ ስጭን ከዚህ ያነሰ ነው የተቀበልኸኝ» ቢሉት፣ ረዳቱ ገመዱን እያጠበቀ «በግ እግሩ ይታጠፋል አባ፤ የዚች ምኗ ይታጠፋል?» አላቸው። ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። የበግ ነገር በዚያው የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።

ደባርቅ የገባነው የቅዳሜው ገበያ ሲደራ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ሲካሄድ ከወጣባቸው መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ቦኔት የሚባለው የአልፕስ መንገድ ነው፤ ከፍታው 2,802 ሜትር። የዓለም ጀግኖች እዚያ ሲደርሱ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ጋዜጠኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አየሩ መሳሳት ያወራል። ደባርቅ ከተማ ያለችው 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሽንኩርት ደርድራ የምትሸጠው ሴት ከቱር ደ ፍራንስ ጣሪያ በላይ ተቀምጣ ልጅ ታጠባለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፣ መልስ ትቆጥራለች። የመሪውን ቢጫ ማሊያ ያለበሳት ግን የለም። ደባርቅ ደግሞ የተራራው ደጃፍ እንጂ ተራራው አይደለችም፤ ከዚያ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ የሚዘልቀው የፓርኩ መንገድ ብዋሂት ላይ ሲደርስ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እኛ ለውድድር የመጣነው የጎንደር ሰዎች ግን ከሚኒባሱ ወርደን ብስክሌት በእጃችን እየገፋን ወደ ወዳጃችን ቤት ስንሄድ አለከለክን። ያየችን ሁሉ «ነገ የሚወዳደሩት እነዚህ ናቸው?» እያለች ለጎረቤቷ ታሳየናለች።

የተሰባሰብነው ሃያ የማንሞላ ነን። መምህራን አሉ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የደባርቅና የዳባት ወጣቶች አሉ፤ የሚበዙት የኪራይ ሳይክል የያዙ ናቸው። ማታ የአከራዩ ደጅ ተሰብስበን ሳይክል ስናስፈትሽ የእኔን የገለበጠው ጠጋኝ ጎማውን አሽከርክሮ፣ ካቴናውን ቀብቶ፣ «አበቃ» አለኝ።

«ፍሬኑስ?»

«የምትወጡት ዳገት ነው። ፍሬን ለምን?»

አንድ የዳባት ልጅ ይህን ሲሰማ «እንዲያውም ለምን ቁልቁል አናደርገውም? ሊማሊሞን እንውረድ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለአፍታ ዝም ተባለ። ሊማሊሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልጦ ያወረደው መንገድ ነው፤ ከደባርቅ ወደ ዛሬማ ቆላ እየተጠማዘዘ ሲወርድ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንኳ እግሩ በራሱ ጊዜ ፍሬን ይረግጣል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ከበላዩ ወልቀፊት ላይ መሽገው፣ አርበኞችና እንግሊዞች ከብበዋቸው፣ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ አንወርድም ብለው ቆይተዋል። የፈሩት ጦሩን ብቻ አይመስለኝም። ጠጋኙ የዳባቱን ልጅ ቀና ብሎ አይቶት፣ «አንተ ውረድ። ሳይክሏን ግን እዚህ አስቀምጥልኝ» አለው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በእርግጥም መዝናናት ነበር። የተበላሸው ከራት በኋላ ነው። አንድ ደግ ነጋዴ፣ «ልጆቹ ላባቸውን ጠብ አድርገው ባዶ እጃቸውን አይገቡም» ብለው ሙክት ሰጡ። ሙክቱ በገመድ ተስቦ ግቢ ሲገባ የሰው ፊት ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ። በነጠላ ጫማ እወዳደራለሁ ሲል ያመሸው ሸራ ጫማ ፍለጋ ወጣ። ሦስተኛ እንጀራ ያስጨመረው የባንክ ሠራተኛ እጁን ታጠበ። የዳባት ልጆች ጥግ ይዘው በሹክሹክታ ያወሩ ጀመር። ወዳጄ አሁንም «ለመዝናናት ነው» ይላል፤ ግን ዓይኑ ላቱ ላይ ነው።

የሙክት ሽልማት ኋላ ቀር የሚመስለው ሰው ካለ፣ የኤርትራውን ብንያም ግርማይን ይጠይቅ። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በጣሊያኑ የብስክሌት ውድድር በጅሮ የዕለቱን ውድድር አሸንፎ መድረክ ላይ ወጣ፤ የተሰጠውን ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተስፈንጥሮ ዓይኑን መታውና ቀሪውን ውድድር ሳይጨርስ ተመለሰ። ደግነቱ ዓይኑ ተረፈ፤ በ2016 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ያን ቀን ሙክት ሸልመውት ቢሆን ኖሮ ግን ሐኪም ቤት አይሄድም ነበር።

ያን ምሽት ጠላ ላይ ስለ ብስክሌት ብዙ ተወራ። ከመምህራኑ አንዱ የታሪክ አስተማሪ ስለ ሆነ ሜልቦርንን አነሣው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በሄደችበት በ1949 ዓ.ም. ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ እነ ገረመው ደንቦባ በቡድን የጎዳና ውድድር 9ኛ ወጡ። ለጀማሪ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን በሚቀጥለው ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈና ብስክሌቱን የሚያስታውሰው ጠፋ። እኔ በአገሬ ሰው አልፈርድም። በባዶ እግር ዓለምን ማሸነፍ እንደሚቻል ያየ ሕዝብ፣ ጎማው የሚፈነዳ፣ ካቴናው የሚበጠስ፣ መለዋወጫው በመርከብ የሚመጣ ስፖርት ምን ያደርግለታል? እንዲያም ሆኖ የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የታሪክ መምህሩ ይህን ሲናገር የዳባት ልጆች በተመስጦ ሰሙትና አንዱ፣ «እሱ ነገ ይመጣል እንዴ?» ሲል ጠየቀ፤ የፈራው ለሙክቱ ነው።

እሑድ ብስክሌቶቻችን በአይሱዙ ተጭነው ዳባት ወረዱ። መነሻው ከቅዳሴ በኋላ ነው ተብሎ ስለ ነበር በሰዓቱ የተገኘው የባንክ ሠራተኛው ብቻ ነው፤ እሱም ብርድ ላይ ብዙ ቆመ። ምእመናኑ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ መንገድ ዳር ተደረደሩ። ፊሽካ ተነፋ።

የፈረንጅ ብስክሌተኞች ስለ አገራችን ሲያወሩ ከተራራው እኩል የሚያነሡት መንገድ ዳር የሚሮጡትን ልጆች ነው። ከካይሮ ኬፕታውን የሚጓዙት፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በመተማ ገብተው በጎንደር ያልፉ የነበሩት፣ «ድንጋይ ይወረውሩብናል» እያሉ ሲማረሩ ኖረዋል። እኛን ድንጋይ የወረወረብን የለም። እኛን ያገኘን ከድንጋይ የባሰ ነው፤ አስተያየት። ዳገቱ ላይ ከጎኔ የሚሮጥ አንድ ልጅ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ሳያለከልክ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ለምን ወርደህ አትሮጥም?»

«ውድድሩ የሳይክል ነው።»

«እኔኮ እየተራመድሁ ነው የቀደምሁህ።»

ዝም ስለው ትንሽ አሰበና ወደ ንግድ ገባ። «ልግፋህ? አምስት ብር።» ኋላ እንደ ሰማሁት ከዳባት እስከ ወቅን ባለው ዳገት ሁሉ ገፊዎች ተሰማርተው ነበር፤ ዋጋውም እንደ ሰውየው ክብደት ይለያይ ነበር። የባንክ ሠራተኛው ከሁሉ ውድ ከፍሏል። የተገፋ ሰው ከውድድር ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውን የውድድሩ ሕግ አላሰበበትም፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው እየተገፉ ስለ ነበር አጀንዳው ሳይነሣ ቀረ።

ግን በዚያ መንገድ ላይ ሰውን የሚያዘገየው ዳገቱ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆመው እያየህ «እንዴት ዋላችሁ» ሳትል ማለፍ አትችልም፤ እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ናችሁ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ» ሲሉ አንገትህን አዙረህ መመለስ ግድ ነው፤ ያን ጊዜ መሪው ይሄድና ቦይ ውስጥ ትገባለህ። ወቅን ላይ አንዲት እናት ጠላ በጣሳ ይዘው መሐል መንገድ ቆሙ። «የእናት ሆድ አይችልም፤ ልጆቼ ጉሮሯችሁ ደርቋል» አሉ። እምቢ ብሎ የሚያልፍ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ የደረሱት ወርደው ጠጡ። ኋላ የነበርነው ደረስንባቸው። ማሰሮው እስኪያልቅ ድረስ ሁላችንም እኩል ነበርን፤ ውድድሩም በጣም አምሮበት ነበር። ጠላው ካለቀ በኋላ የተከተለው አነዳድ ግን ቀጥተኛ ነበር ብዬ አልመሰክርም።

ወቅንን እንዳለፍን ቀብር አጋጠመን። አስከሬኑ በቃሬዛ፣ ቄሶቹ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፣ አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ማንም ምንም ሳይለን ሁላችንም ወረድን። ቆብ ያደረገ አወለቀ። ብስክሌታችንን እየገፋን ጥቂት ሸኘን፤ ሟች ማን እንደ ሆኑ ጠየቅን፤ «ነፍስ ይማር» ብለን ተመለስን። ከእኛ መሐል አንድ የደባርቅ ጎረምሳ ብቻ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ አልፏል።

ደባርቅ መግቢያ ላይ አንደኛ የወጣውም እሱ ነው። እኔ ስንተኛ እንደ ወጣሁ የሚጠይቀኝ ሰው ወዳጄ አይደለም።

ጎረምሳው ሙክቱን አቅፎ ፎቶ ሊነሣ ሲል ወሬው ደረሰ። ከወቅን በሚኒባስ የመጡ ሰዎች «ይህ ልጅ ቀብሩን አይቶ አልወረደም፤ ጭራሽ ደወል ደውሏል» አሉ። ሕዝቡ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ልጁ «እኔ ሳልፍ ቀብሩ አስፋልት አልወጣም፤ የደወልሁት ለአህያ ነው» ብሎ ማለ። አህያይቱ አልተገኘችም። የገዛ እናቱ ከሕዝቡ መሐል «ልጄ፣ በዚህ በግ ስም አታስረግመኝ» ሲሉት ገመዱን ለቀቀ። ሽማግሌዎች ግንድ ላይ ተቀመጡ። ሙክቱ ለሁለተኛው ይሰጥ ቢባል ሁለተኛው ሦስት ጊዜ የተገፋ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው «እኔን ተዉኝ» አለ፤ የሱን ገፊ ልጅ ሕዝቡ መሐል አይቶታል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ እስካሁን ድረስ የማደንቀውን ፍርድ ሰጡ። «የሮጠ ሁሉ ነውር ሠርቷል። እንግዲህ ማን ቀስ ማለት እንደሚችል እንይ።»

ኖራ ተሰመረ። ከመስመር እስከ መስመር ሃምሳ እርምጃ ያህል። መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል፤ እግሩ መሬት የነካ ይወጣል፤ የፈለገ ሁሉ ይግባ።

ይህን ያልሞከረ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ብስክሌት የሚቆመው ሲሄድ ነው፤ አዘግየዋለሁ ስትል መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወገብህ ወዲያ፣ ጉልበትህ ወዲህ ይላል። ፊሽካው እንደ ተነፋ የእኛ ግማሽ እዚያው መነሻው ላይ ተኛ። የባንክ ሠራተኛው በጣም ቀስ ከማለቱ የተነሣ ወደ ኋላ ሄዶ ተገለበጠ። የታሪክ መምህሩ መሐል ድረስ ተከብሮ ሄደና አንድ ሰው «ዓባይን በጭልፋ!» ብሎ ሲጮህበት ስቆ ወደቀ። ሕዝቡ አሁን በዳር በዳር መሳቅ ትቶ ተጠጋ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ ያ ደወል ደወለ የተባለው ጎረምሳና አንድ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው የበቅሎ ጫኝ። ጋቢውን እንደ ተከናነበ፣ በኮንጎ ጫማ፣ የኪራይ ሳይክል ላይ ተቀምጧል። አገሩ አምቢኮ ነው። አምቢኮን ራስ ደጀን የወጡ ያውቋታል፤ ብዋሂትን ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ጉልበት እስኪብረከረክ ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ የሚታደርባት መንደር ናት። ሳይክል የሚያስነዳ አንድ ሜዳ አይታይባትም።

ሰውየው አይሄድም። አይወድቅም። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ጎረምሳው ዓይኑን ጣል ሲያደርግበት አምቢኮው ያዛጋል። ጎረምሳው ትዕግሥቱ አለቀ፤ አንድ ጊዜ ፔዳሉን ጫን አደረገና መስመሩን ቀድሞ ረገጠ። በአንድ ቀን ሁለቴ አንደኛ ደርሶ ሁለቴ የተሸነፈ ሰው እኔ ሌላ አላውቅም።

ሕዝቡ አምቢኮውን ከነሳይክሉ አነሣው። የት እንደ ተማረ ቢጠየቅ ነገሩን ያስረዳው አከራዩ ነው። ቱሪስት ሲጠፋ ይህ ሰው ደባርቅ ላይ ጭነት እየጠበቀ ቀናት ይቀመጣል። ገንዘብ የለውም፤ ሳይክል ግን ይወዳል። አከራዩም «በነጻ ንዳ፤ ነገር ግን ከዓይኔ እንዳትሰወር» ብሎት ነበር። እንግዲህ ሰውየው ከሱቁ በረንዳ እስከ ስልክ እንጨቱ ባለው መሬት ላይ፣ ቶሎ እንዳያልቅበት በጣም ቀስ እያለ፣ ስንቱን ወቅት ሲነዳ ኖሯል።

ሙክቱ ገመዱ ተሰጠው። አየው፣ ወገቡን ዳሰሰው፣ ከዚያ ወደ አከራዩ ዞረ።

«በዚህ ሳይክሏን ትሰጠኛለህ?»

ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ። «አምቢኮ ላይ ሳይክል ምን ትሠራልሃለች?» አለው ወዳጄ።

«ትቁምልኝ። አባቴ ተቀምጠውባት ይዩ።»

ክርክሩ እስኪመሽ ቆየ። አከራዩ ሙክቱ ከሳይክሉ ያንሳል አለ፤ ሽማግሌዎቹ የሳይክሏን ፍሬን ይፈልጉ ጀመር፤ ሲያጡት ዋጋው ወረደ። ፓምፑ ተመርቆ ተስማሙ። ሙክቱ ያን ማታውኑ ታረደ፤ አከራዩም ሁላችንንም ጠራን፤ ስለዚህ የጎንደርም የዳባትም የደባርቅም ሰው፣ የተገፋውም የገፋውም፣ ከበጉ ድርሻውን በላ። አክስቴ ያን ቀን ብትኖር «ምን ያስሮጣችኋል?» ላለችው ጥያቄ መልሱን እንደ ልቧ ታገኘው ነበር። ደወል ደወለ የተባለው ጎረምሳ ጎድን ሲደርሰው ሁሉም አጨበጨበለት፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስለ አህያይቱ ይምላል አሉ።

ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ ቆመን ሚኒባስ ስንጠብቅ አምቢኮው በቅሎዎቹን እየነዳ ከከተማ ሲወጣ አየነው። ሳይክሏን አልነዳትም። በፊተኛዋ በቅሎ ጀርባ ላይ፣ ከጨውና ከዘይት በላይ፣ በጠፍር ጥርቅም አድርጎ ጭኗታል፤ ጎማዎቿ ሰማይ ሰማይ እያዩ በነፋስ ይሽከረከራሉ። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት አሮጊት እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆም ብለው አዩዋትና አንጀታቸው ተላወሰ።

«ምነው ልጄ፣» አሉት፣ «አሟት ነው?»